የአቶ ጌታቸው መኩሪያ ስም በራዲዮ ይነገር



ስለ ሙዚቃ ሰዎቻችን መታሰቢያ ያለኝን ሐሳብ በዚህ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የሳክስፎኑ ሊቅ አቶ ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባረፉ ጊዜ፣ ከአገር ውስጥ ወዳጆቻቸው ሌላ ብዙ የውጭ አገር አድናቂዎችም አዝነው ነበር። ዛሬም ሸክላቸውን እየፈለጉ የሚሰበስቡ፣ ስለ አነፋፋቸውም የሚከራከሩ እነዚሁ ናቸው። በእኛ በኩል ግን ነገሩ ከቀብሩ ጋራ የተፈጸመ ይመስላል።

እኔ በመንዝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አቶ ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. የተወለዱባት ይፋት ከመንዝ አፋፍ ቁልቁል ያለች አገር ስለ ሆነች፣ ለጎረቤቴ ባደላ አይፈረድብኝም። ተማሪዎቼ በሠርግም ሆነ በጀግና ለቅሶ ሽለላ እየሰሙ አድገዋል። ያንኑ ሽለላ በሳክስፎን ያሰማው ማን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ግን እጁን ያነሣ አንድም አልነበረም። (እኔም የተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ኖታ ሲያስተምረኝ ፉከራን ከዜማ አይቆጥረውም ነበር።)

አቶ ጌታቸው በክራርና በመሰንቆ ጀምረው ወደ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገቡ፤ ቀጥሎም በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገለገሉ። ሸላዩ በጉሮሮው የሚያደርገውን ማነቅ፣ ማቋረጥና ድንገት መጮኽ በትንፋሽ መሣሪያ አመጡት፤ የአንበሳ ጎፈር ደፍተውም መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። ይህን ሲጀምሩ በአሜሪካ «ነጻ ጃዝ» የተባለው ገና ስም አልወጣለትም። ከእነ ኦርኔት ኮልማን የቀዱ የሚመስለው ሰው ቢኖር ዘመኑን ያመሳክር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ የሮክ ጓድ ጋራ «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፎ ነበር። ሽለላውን ለኤሌክትሪክ ጊታር ብለው አልለወጡትም፤ ጊታሩ ነው የተከተላቸው።

ታዲያ ባዕድ አስታውሶ እኛ ለምን ረሳን? ፈረንጅ ለዜማችን ከእኛ ይልቅ ስለሚቆረቆር አይመስለኝም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በፈረንሳይ የወጣው «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 14 ስማቸውን በሽፋኑ ላይ አትሞ ነበርና ሰሚው ማንን እንደሚወድ ዐወቀ። በእኛ ዘንድ ግን ስም የሚነገረው ለዘፋኙ ነው። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረው ዜማ በዜናና በፕሮግራም መካከል የሰዓት መሙያ ይሆንና ደቂቃው ሲደርስ ይቆረጣል። ሕዝቡ ዜማውን ያውቀዋል፤ ባለቤቱን አያውቅም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችንም መብት የሚጠብቅ ስለ ሆነ ይህን የምለምነው እንደ ችሮታ አይደለም። ስም መጥራት ከአምስት ሰከንድ በላይ አይወስድም።

ለመንግሥት ሠራተኞች ለይቼ የምናገረው አለኝ። የእነዚህ ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞች እንደ እኛው ደመወዝተኞች ነበሩ። ከአቶ ጌታቸው አጠገብ ተቀምጠው ትሩምባና ክላርኔት የነፉት ሰዎች ስም በሸክላ ላይ ባይጻፍ በደመወዝ መዝገብ ላይ ሳይኖር አይቀርም። በማዘጋጃ ቤት፣ በቴአትር ቤትና በፖሊስ መዝገብ ቤቶች የምትሠሩ ወገኖች አሮጌው ዶሴ ተጠርጎ ከመውጣቱ በፊት ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩልን ትልቅ ውለታ ነው።

አንድ መምህር
ከመሐል ሜዳ