ስለ ፎቶግራፍ ቤት የግድግዳ ቀለም አመራረጥ

ማናቸውም ነጋዴ ሱቁን ሲያሳምር በመጀመሪያ የሚያስበው የመንገደኛው ዐይን የሚማረክበትን ነገር ነው። ይህም ለጨርቃ ጨርቅ ቤት፣ ለጫማ ቤትና ለቡና ቤት የተገባ አሳብ ነው። ለፎቶግራፍ ቤት ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የጨርቅ ነጋዴ ግድግዳውን ቢጫ ቢያስቀባ፣ ገዢው ወደ ቤቱ የሚወስደው ነጭ ጨርቅ ቢጫ ሆኖ አይገኝም። ፎቶግራፍ አንሺው ግን የሚሠራው በብርሃን ስለ ሆነ፣ ብርሃኑ የነካው ግድግዳ ሁሉ ከሸቀጡ ጋር ተቀላቅሎ ለደንበኛው ይሰጣል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን በሙሉ በቀጥታ በሰውየው ፊት ላይ አያርፍም፤ ከፊሉ ግድግዳውን፣ ጣራውንና ወለሉን መትቶ ይመለሳል። ሲመለስም የመታውን ነገር ቀለም ይዞ ይመጣል። ግድግዳው አረንጓዴ እንደ ሆነ፣ በዚያ በኩል ያለው ጉንጭና ከአገጭ በታች ያለው ጥላ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ሰውየውም የታመመ ይመስላል። ዛሬ ያሉት ካሜራዎችና የኮምፒዩተር መሣሪያዎች የብርሃንን ቀለም ያስተካክላሉ የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያስተካክሉት ፎቶግራፉን በሙሉ እንደ አንድ አድርገው ነው። አንዱ ጉንጭ በነጭ መብራት፣ ሌላው ከግድግዳ በተመለሰ አረንጓዴ ብርሃን የተነካ እንደ ሆነ፣ አንዱን ሲያቀኑት ሌላው ይጣመማል። ያንን በእጅ ለማረም የሚባክነው ጊዜ ደግሞ ማንም የማይከፍለው ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ሥራ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሥር ሲሰድና፣ የአርመን ተወላጆች የሆኑት የቦያጅያን ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ሲያነሡ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ጥያቄ ይህን ያህል አስጨናቂ አልነበረም። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ፣ አረንጓዴውም ሰማያዊውም ግድግዳ በወረቀት ላይ የሚወጣው ግራጫ ሆኖ ነው። የኮዳክ ኩባንያ ኮዳክሮም የተባለውን ባለ ቀለም ፊልም በ1935 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ቀስ በቀስ ወደ ሕዝብ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ የኖረው ግድግዳ መናገር ጀመረ።

ብዙዎች ባለ ፎቶግራፍ ቤቶች ከዚህ ችግር ለመዳን ክፍሉን በሙሉ ነጭ ያስቀባሉ። ነጭ ቀለም አይነቀፍም። ጥሩ ነጭ ቀለም ከደረሰው ብርሃን ከመቶ ሰማንያውን ያህል ስለሚመልስ፣ አነስተኛ መብራት ላለው ሰው ይረዳል፤ ጥላውንም ያለዝባል። ይሁን እንጂ ክፍሉ ጠባብ ሲሆን ብርሃኑ ከየማዕዘኑ ስለሚመለስ የፊት ቅርጽ ይጠፋል። ከዚህም በላይ የአገሩ ልብስ ራሱ ነጭ ነው። የሀገር ልብስ ለብሳ ነጠላዋን ያጣፋች ሙሽራ በነጭ ግድግዳ ፊት ስትቆም፣ ጥለቱ ብቻ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። አንሺው ነጩን ለማዳን ብርሃኑን ሲቀንስ ጠይም ፊቷ ይጨልማል፤ ፊቷን ለማብራት ሲጨምር ደግሞ የሸማው ሥራ ይጠፋል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምንም ሌላ ቀለም ያልተቀላቀለበት፣ የማያብረቀርቅ ግራጫ ነው። የኅትመትና የፎቶግራፍ ሥራ የሚመረመርበትን ብርሃን የሚወስነው አይ.ኤስ.ኦ. 3664 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአካባቢው ያለው ግድግዳ ይህን የመሰለ ግራጫ እንዲሆን የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ግራጫ ብርሃኑን ይቀንሰዋል እንጂ ቀለሙን አይለውጠውም። በወጪም በኩል ያተርፋል፤ ይኸውም ከመብራት የራቀ ነገር ርቀቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ተነሺው ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ፈቅ ብሎ መብራቱ ወደ እርሱ ሲቀርብ፣ ግራጫው ጠቁሮ ይታያል፤ ለግድግዳው ለብቻው መብራት ሲበራለት ደግሞ ወደ ነጭ ይጠጋል። አንድ ጊዜ የተከፈለበት ግድግዳ የሦስት ግድግዳ አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው።

ለመታወቂያና ለፓስፖርት ፎቶግራፍ ግን ነጭ ጀርባ አስፈላጊ መሆኑ አይካድም። ለምሳሌ ለአሜሪካ ቪዛ የሚቀርበው ፎቶግራፍ ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ ያደላ እንዲሆን ታዝዟል። ለዚህ አንድ ጠባብ ግድግዳ በነጭ መቀባት፣ ወይም ነጭ የወረቀት ጥቅል ማንጠልጠል ይበቃል። ጉዳዩ ቀላል መስሎ እንዳይታይ፤ ፎቶግራፉ ተመላሽ የሆነበት ሰው የሚያጣው ለፎቶግራፍ የከፈለውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀጠሮውንም ጭምር ሊሆን ይችላል።

በየሱቁ እንደ ተለመደው የግድግዳውን የታችኛውን ወገብ ለመታጠብ እንዲመች በሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም መቀባት ለማንሻው ክፍል አይስማማም። የሚያብረቀርቅ ግድግዳ እንደ መስተዋት የመብራቱን ምስል ይመልሳል። ነጭ ዘይት ቀለም ደግሞ ብርሃን በማያገኝ ክፍል ውስጥ እየዋለ እያደረ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ኖራም ቢሆን ርካሽ ነው ተብሎ አይመረጥም፤ የተደገፈውን ሰው ልብስ ያበላሻልና። በውኃ የሚበጠበጠው፣ ሲደርቅ የማያብረቀርቀው ቀለም ይሻላል።

በዚህ ረገድ የቀለም አስመጪዎችና ቸርቻሪዎች ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ቀለም ቀቢው ጥቁርና ነጭ ብቻ አዋህዶ የሚያወጣው ግራጫ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ጥቂት ቡናማ ቀለም ካልታከለበት አይቃናም። ባለ ሱቁ የድብልቁን መጠን በመዝገብ ቢይዝ፣ ደንበኛው ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ቀለም ያገኛል። ለሙከራ የሚሆን አነስተኛ ጣሳም ቢያቀርብ መልካም ነው። እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም አንድ ስላልሆኑ፣ ገዢው በጣውላ ላይ ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ ከደረቀ በኋላ በፀሐይ ብርሃንና በራሱ መብራት ሊመረምረው ይገባል።

የደስ ደስ ያለውን ቀለም የሚወድ ባለ ፎቶግራፍ ቤት ፍላጎቱን ጨርሶ ይተው ማለት አይደለም። የእንግዳ መቀበያውን እንደ ወደደ ቢጫም ቀይም ያስቀባው። በማንሻው ክፍል ውስጥ ግን ማማር ያለበት ግድግዳው ሳይሆን ሰውየው ነው። ማንም ሰው በኪሱ በያዘው ስልክ ፎቶግራፍ በሚያነሣበት በዛሬው ዘመን፣ ደንበኛ ወደ ፎቶግራፍ ቤት የሚመጣው ስልኩ የማይሰጠውን ነገር ፈልጎ ነው። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ተሰብስበው የተነሡት ፎቶግራፍ ሃምሳ ዓመት በሳሎን ተሰቅሎ ይኖራል፤ ግድግዳው የተቀባበት ወጪ ያን ጊዜ የሚያስታውሰው የለም። የፊታቸው መልክ እንደ ነበረ ሆኖ መታየቱ ግን ልጆቻቸው በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነው።