መድኃኒቱ ታዘዘ፤ ጎረቤቱስ?

«ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እየተባልን አድገናል። ተረቱን ሁላችንም በቃላችን እንይዘዋለን፤ በጤና ጣቢያ በር ሲገባ ግን አይተነው አናውቅም። በዚህች ጽሑፍ ልንጠይቅ የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ ተረቱ እውነት ከሆነ ስለምን በሐኪም ወረቀት ላይ አይጻፍም?

ጥያቄውን ያስነሣብን ዶሮ ማነቂያ ነው። ከስድስት ኪሎና ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ቁልቁል ለምንመላለስ ተማሪዎች ስሙ እንግዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ በቀበሌ እጅ የቆዩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ቤቶች ነበሩበት። ያ ኑሮ ገነት ነበር የሚል ቢኖር አብረን አንቆምም። ጣራው ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃው የጋራ ነበር። ነገር ግን የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማ ነበር፤ አንዲት ባልቴት በጠዋት በሯን ሳትከፍት ብትቀር ረፋድ ሳይሆን የሚያንኳኳ ጎረቤት አይጠፋም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ነዋሪው ከፊሉ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ከፊሉ በከተማው ዳር ወዳሉ ቤቶች ሄደ። በመፍረሱ የሚከራከር ይከራከር፤ የዛሬው ጉዳያችን ሌላ ነው። ዕቃው በመኪና ተጫነ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልቀቂያ ወሰዱ፤ ሕመምተኛውም በሄደበት ጤና ጣቢያ አዲስ ካርድ ያወጣል። እድሩ፣ ማኅበሩና የሦስት ሰዓቱ ቡና ግን መሸኛ የሚጽፍላቸው ቢሮ አልነበረም።

የአንዱ ጓደኛችንን ሴት አያት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ለብዙ ዓመት የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ከፒያሳ ተነሥተው አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃውም በቤት ውስጥ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ግፊታቸው ወጣ፤ እንቅልፍ ጠፋ፤ ምግብ አስጠላቸው። ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ የመድኃኒቱ መጠን ተጨመረ። በሁለተኛውም ጊዜ ተጨመረ። ነገሩ ሲጣራ የተገኘው ይህ ነው፤ «እማማ፣ ክኒንዎን ዋጡ?» እያለች በየጠዋቱ በቡናው ላይ ታስታውሳቸው የነበረችው ጎረቤታቸው ነበረች። አሁን ጎረቤቲቱ በሌላ የከተማው ጫፍ ናት። አያቲቱ አንዳንድ ቀን ይረሳሉ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ «ለማን ብዬ ነው?» ብለው ይተዉታል። ወደ እድራቸው ለመሄድ ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። መርማሪው መጠን መጨመሩ ባወቀው ልክ ትክክል ነው። «ቡና ከማን ጋር ይጠጣሉ?» ብሎ እንዲጠይቅ ግን ያስተማረው የለም፤ መልሱንም ቢሰማ የሚጽፍበት መስመር በካርዱ ላይ የለም።

ይህን የአረጋውያን ትካዜ ብቻ አድርጎ የሚያይ ቢኖር ተሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ ከ871,000 በላይ የሚሆን ሞት ከብቸኝነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገምቷል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሕክምና ጣቢያዎች «አገናኝ» የሚባሉ ሠራተኞች በብዛት ተቀጥረዋል፤ ሥራቸው ሕመምተኛውን ከአትክልት ክበብ፣ ከመዘምራን፣ ከሥዕል ትምህርትና ከመሳሰለው ጋር ማስተዋወቅ ነው።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚለን እንዳይኖር ወደ አፍሪካ እንመለስ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው የሰፈር አሮጊቶችን አሠለጠኑ። በጭንቀት የተያዘ ሰው ከአሮጊቲቱ ጎን ተቀምጦ ችግሩን ያወራል፤ ከዚያም ወደ መረዳጃ ቡድን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት 573 ሰዎች ተካፍለው ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው ከአሮጊቶቹ ጋር ከተቀመጡት 14 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን 50 በመቶ ያህሉ ነበሩ።

ከዚህም ይልቅ የቀረበ ማስረጃ በአገራችን አለ። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ በ48 ቀበሌዎች የሚገኙ 166 የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። ሁሉም ሕክምናውን በጤና ጣቢያ አገኙ። ለአንደኛው ወገን ግን ከዚያው አካባቢ ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች በየቤቱ እየሄዱ ቤተሰቡን አነጋገሩ፤ ሕመምተኛውን ወደ ሥራውና ወደ ማኅበራዊ ኑሮው እንዲመለስ ረዱት። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህኞቹ ከሌሎቹ ይልቅ ኑሯቸውን ለመምራት ችለዋል። መድኃኒቱ አልቀረም፤ ሰው ተጨመረበት እንጂ። የክርክራችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

እንግዲህ ምን ጎደለን? እድር አለን፤ እንግሊዞቹ በደመወዝ የሚፈልጉትን ማኅበር እኛ በየመንደሩ ተክለነዋል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ከተማውን ባስጨነቀ ጊዜ በአዲስ አበባ ያሉ አያሌ እድሮች ቀብር ማስፈጸም ብቻ አይበቃንም ብለው የታመሙትን በየቤታቸው ማስታመምና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉን፤ በ1995 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ሥራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ከተሞች ገብቷል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ሦስት ዓይነት ሠራተኞች በአንድ ቡድን ሆነው እንዲወጡ ታስቦ ነበር፤ የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኛው። ያን ጊዜ ጠላቱ ወባና ተቅማጥ ስለ ነበረ ሦስቱ ተስማሚ ነበሩ። ዛሬ በከተማችን ደም ግፊት፣ ስኳርና ድባቴ በተጨመሩበት ጊዜ አራተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ የሰፈሩን እድር፣ የእድሩን ዳኛና የስብሰባውን ቀን የሚያውቅ ሰው።

የሚሰነዘርብንን ተቃውሞ አስቀድመን እንመልስ። አንደኛ፣ «መድኃኒት ሲጠፋ ቡና ጠጡ ልትሉን ነው» ይባል ይሆናል። እንዲህ የሚል ባለሥልጣን ቢነሣ ከሁሉ በፊት የምንቃወመው እኛ ነን፤ ጎረቤት የኢንሱሊንን ቦታ አይተካም። ሁለተኛ፣ እድር ራሱ ንጹሕ አይደለም። በብዙ እድሮች አዲስ ገቢ ነባሩ እስከ ዛሬ ያከማቸውን ያህል ካልከፈለ አይገባም፤ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው የሚሸሽ ማኅበርም አለ። እውነት ነው፤ መለወጥ ይገባዋል እንላለን። ሦስተኛ፣ የጤና ሠራተኛው አሁንም ፋታ የለውም። ይህም እውነት ነው፤ ስለዚህ ሸክሙን በእርሱ ላይ አንጭንም።

የምንጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው። ጤና ጣቢያዎች አንድ መዝገብ ይክፈቱ፤ በአካባቢው ያሉትን እድሮች፣ የሴቶችና የአረጋውያን ማኅበራት፣ ቤተ መጻሕፍትና የኪነት ቡድኖች፣ የስብሰባ ቀናቸውን ጭምር ይጻፉበት። በካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ማን ይጠይቅዎታል?» የሚል። እድሮች ከፈረሰ ሰፈር ለመጣ ሰው የመግቢያውን ገንዘብ ይተዉለት፤ የቀድሞው እድሩ የሚጽፍለትን መሸኛ እንደ ገንዘብ ይቁጠሩለት። በመጨረሻም ሕመምተኛው ወደ መረጠው ስብሰባ የመጀመሪያውን ቀን የሚሸኘው ሰው ይኑር። ጽዋ የሚስማማው ወደ ጽዋው፣ ጀመዓ የሚስማማው ወደ ጀመዓው፣ ከሁለቱም የራቀው ወደ ቴአትሩ ወይም ወደ ዳማው ይሂድ፤ ምርጫው የራሱ ነው። ወረቀት ብቻ ተሰጥቶት «ሂድ» የተባለ ብቸኛ ሰው ግን ከበሩ ይመለሳል።

ያ የሚሸኘው ሰው ማን ይሁን? እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን እንቀስር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር። እኛ የምንጠይቀው አንድ ዓመት አይደለም፤ በወር አንድ እሑድ ነው። የሕክምና ተማሪው ሕመምተኛውን ያውቃል፤ የሶሻል ወርክ ተማሪው ማኅበሩን ያውቃል፤ የቴአትር ተማሪው ጥበቡን ያውቃል። ሦስቱ በአንድ ካፌ ማኪያቶ ሲጠጡ ይውላሉ፤ በአንድ ሥራ ላይ ግን ተገናኝተው አያውቁም። ስለ ሕዝብ ስንናገር ድምፃችን ይጐላል፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተን የአንዲት እናት በር ለማንኳኳት ግን ጊዜ የለንም እንላለን። ይህ ያሳፍረናል፤ ሊያሳፍረንም ይገባል።

የእድር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ያን ጊዜ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ሁሉም ይሰበሰባል። የምንለው፣ ከዚህ ስብሰባ ጥቂቱ ሟቹ በሕይወት ሳለ ይደረግለት ነው። በዚህ ሐሳብ የሚስማማ ተማሪ ስሙንና ነፃ የሆነበትን እሑድ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ፤ የማይስማማም ተቃውሞውን ጽፎ ይላክልን። የመጀመሪያው መዝገብ ግን የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ከገቡባቸው ሰፈሮች በአንዱ ቢከፈት ደስ ይለናል።