ከጉለሌ መካኒሳ ድረስ የጭቃ ቤት ለማየት?



በዒድ ሰሞን ከመስጂዳችን የቂርኣት ወጣቶች ጋር ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጥተን ነበር። ዙህርን ከዛፎቹ ሥር ሰግደን፣ ከቤት ያመጣነውን ምሳ በልተን፣ ሻይ ስንጠጣ «ቀጣዩ ጉዟችን ወዴት ይሁን?» የሚል ወሬ ተነሣ። እኛ «መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም» አልን። ከልጆቹ አንዱ ሳቀና «ኡስታዝ፣ ከጉለሌ መካኒሳ ድረስ የጭቃ ቤት ለማየት? እኛ ቤት ይምጡና በነጻ ይዩ!» አለን። ሁሉም ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ልጁ ግን እውነትም ዝናብ በመጣ ቁጥር ጥጉ በሚረጥብ የጭቃ ቤት ውስጥ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን የእሱ ጥያቄ ነው።

ዞማን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። ቦታው መንግሥት ያሠራው መናፈሻ አይደለም። መስከረም አሰግድ የምትባል የአንትሮፖሎጂ ባለሙያና ሰዓሊው ኤልያስ ስሜ ለረጅም ዓመታት ያሰቡት፣ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተ የግል ሥራ ነው። ግንቡ ጭቃና ጭድ ነው። ነገር ግን ማንም እንደሚያውቀው ዓይነት ዝም ብሎ የተመረገ ግድግዳ አይደለም። ላዩ ላይ ውሃ የሚፈስበት ይመስል ሞገድ፣ ጥምዝምዝ፣ ሽንትር ተሠርቶበታል። መንገዱ በድንጋይ ተለቅሟል፤ አትክልቱ፣ ከብቱ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤቱ ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሲገቡበት አያቶች ማታ ማታ ከሚያወሩት ተረት ውስጥ የወጣ ግቢ ይመስላል። ይኸው ኤልያስ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦና ሰሌዳ እየገዛ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች የተሰቀሉ ሥራዎች የሠራ ሰው ነው። (ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽን በተመለከተ የሚነሣው ጥያቄ የራሱ ዑለማዎች አሉት፤ እዚህ የምናወራው ስለ ግንቡ ነው።)

እንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ላይ «ምን ነካው?» መባሉ አይቀርም። ፈረንሳይ ውስጥ ፈርዲናንድ ሼቫል የሚባል ፖስተኛ ነበር። ደብዳቤ ሲያደርስ መንገድ ላይ ያገኘውን ድንጋይ እየለቀመ፣ ከ1879 እስከ 1912 እ.ኤ.አ. 33 ዓመት ሙሉ ብቻውን አንድ የሕልም ቤተ መንግሥት ገነባ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት። ዛሬ አገሩ በቅርስነት ይጠብቀዋል፤ ከሩቅ አገር ድረስ ሰው ከፍሎ ያየዋል። ጉለሌም በራሱ መንገድ ከዚህ አይርቅም። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የያዙት ነው፤ 705 ሄክታር። ባህር ዛፍ የወረሰውን ጋራ ቀስ በቀስ ወደ ጽድ፣ ወደ ወይራ፣ ወደ ኮሶ መመለስ የአንድ ክረምት ሥራ አይደለም። ዛሬ ወይራ የሚተክል ሰው ጥላው ሥር የሚቀመጠው የልጅ ልጁ ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። የእሱ ቤትና ዞማ ሁለቱም ጭቃ ናቸው። ታዲያ አንዱ ለምን ያፈስሳል፣ ሌላው ለምን ይጎበኛል? የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው። ክዳኑ ከግድግዳው በደንብ ወጣ ካላለ፣ መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ካላለ፣ ዙሪያው ቦይ ከሌለው፣ ጭቃው ሳይብላላ በጥድፊያ ከተመረገ፣ በየዓመቱ የሚጠግነው ከሌለ መፍረሱ አይቀርም። ነገ ይነሣል በሚባል የኪራይ ቤት ላይ ደግሞ ይህን ሁሉ ማን ይለፋበታል? ስለዚህ ልጁ ቤቱን ቢጠላ አንፈርድበትም። እኛ የምንለው ጥፋቱ የጭቃው አይደለም ነው።

ማሊ ጄኔ ከተማ ያለው ትልቁ መስጂድ ጭቃ ነው። አሁን የቆመው ሕንጻ በ1907 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን በየዓመቱ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ይመርገዋል። ሽማግሌው ያዛል፣ ወጣቱ ይሸከማል፣ ሴቶቹ ውሃ ያመላልሳሉ፤ ዕለቱ እንደ በዓል ነው። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድም መጀመሪያ ሲሠራ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ክዳኑ የተምር ዝንጣፊ እንደነበር ከእኛ ቂርኣት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በአገራችንም ሾንኬ አለ፤ የአርጎባ ወገኖቻችን ተራራ አናት ላይ በድንጋይ ቤቶቻቸው እስከ ዛሬ የሚኖሩበት። ከመካከላችን ሾንኬን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? የዱባይን ፎቅ ግን ከነቁመቱ የማይነግረን ወጣት የለም።

አሁን የራሳችንን እንናገር። ወሎ በተወለድንበት ቀበሌ አሮጌው የጭቃ መስጂድ ፈርሶ በብሎኬት እንዲሠራ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ አዲስ አበባ ላይ ከዞሩት አንዱ እኛ ነበርን። አዲሱ ሰፊ ነው፤ አያፈስም፤ እናቶችና እህቶች የራሳቸው ቦታ አግኝተዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ቀትር ላይ ቆርቆሮው ያነዳል፣ ኢማሙ ሲቀራ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋጫል። አሮጌው ውስጥ ስንገባ ወፍራሙ ግድግዳ ቀዝቀዝ ያደርገን ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ምርጊት ደረሶች ለብዙ ዓመታት ጀርባቸውን አስደግፈው ሲቀሩ እንደ ቆዳ ለስልሶ ነበር። ያ ግድግዳ በአንድ ቀን ወደቀ፤ ፎቶ እንኳ ያነሣ ሰው አልነበረም። ቦታው ጠባብ አልነበረም፤ አዲሱን ጎን ሠርቶ አሮጌውን ለልጆች መቅሪያ መተው ይቻል ነበር። ይህን ሐሳብ ያነሣ ሰው ግን አልነበረም። እኛም አላነሣንም፤ ጭቃ ድህነት ስለሚመስለን አፍረንበት ነበር።

ስለዚህ በአካባቢያችሁ አሮጌ መስጂድ ሊፈርስ ከሆነ፣ ኮሚቴው ዘንድ ሂዱና «ይህን ለመድረሳ ብናቆየውስ?» በሉ። እምቢ ቢባል እንኳ ፎቶ አንሡ፣ ለኩ፣ የሠሩትን አባቶች ድምፅ ቅረጹ። ያ ሁሉ ስልክ እጃችሁ ላይ ነው። ዞማም ሂዱ። የመግቢያው ዋጋ ከታክሲው ጋር ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም፣ እናውቃለን፤ እንደ እኛ በማኅበር አዋጥታችሁ ሂዱ። ግድግዳው ፊት ቆማችሁ ፎቶ ተነሡ፣ ከዚያ ዞራችሁ ግድግዳውንም እዩት።

በሳምንቱ ሄድን። ያ የሳቀው ልጅ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርቶ አንዱ ግንብ አጠገብ ብዙ ቆመ። ስንወጣ «ኡስታዝ፣ ጭቃው ከመመረጉ በፊት ስንት ቀን ነው የሚብላላው?» አለን። አላወቅንም። እዚያው በር ላይ ቆመን አገር ቤት ላለው አጎታችን ደወልን። «የመስጂዱን ምርጊት የሠሩት ሴቶች ናቸው፣ እኔ ምን ዐውቃለሁ» አለና ስልኩን ለአክስታችን ሰጣት።

«ቀን አይቆጠርለትም ልጄ» አለች። «ሽታው ሲለወጥ ነው።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ጻፈው።