«ባዶ መሬት» የሚሉት ተረት

«ባዶ መሬት» የሚለው ቃል የተበደለውን በዳይ፣ የተነጠቀውን ነጣቂ የማድረግ ኃይል አለው። ስለዚህም በብዕር ሰዎች ዘንድ ያለ ምርመራ ሊያልፍ አይገባውም።

ጄምስ ሩስ የእንግሊዝ አገር ድኻ ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1782 በስርቆት ተከሶ የሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደበት፤ በ1788ም ከመጀመሪያዎቹ እስረኞች ጋር በመርከብ ተጭኖ አውስትራልያ ደረሰ። በ1791 በፓራማታ 30 ኤከር መሬት በስሙ ጸደቀለት። ግዞተኛው ባለርስት ሆነ። የቅኝ ገዢው ታሪክ የአገሪቱ ፋና ወጊ ገበሬ እያለ ሲያወድሰው፣ መሬቱ የዳሩግ ሕዝብ አገር እንደ ነበረ ግን አልተናገረም። መሬቱ ባለቤት አልነበረውም የሚለው የሕግ ተረት በአውስትራልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሻረው በ1992፣ ሩስ ርስቱን ካገኘ ከ201 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው የሚል የመርሳ ወይም የወልድያ ሰው ቢኖር፣ ወደ 1977 ዓ.ም. መለስ ብሎ ያስብ። በዚያ ዘመን ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብላጫውን ከወሎ አንሥቶ፣ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ አጓጓዘ። የወሎ ገበሬ ጥፋቱ ረኀብ ብቻ ነበር። ገሚሱ ተስፋ አድርጎ ሄደ፤ ብዙው ግን ተገዶ ወይም ተታልሎ ተጫነ። በበለስ ሸለቆ ወባ ጠበቀው፤ ከብቱንም ገንዲ ፈጀው። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አርሶ መንደር ሠራ።

ነገር ግን «ድንግል መሬት» የተባለው የጉሙዝ አገር ነበር። ጉሙዝ ጥቂት ዓመት አርሶ መሬቱን ያሳርፋል፤ ማር ይቆርጣል፤ ያድናል። ያረፈውን መሬት ጠፍ ነው ያለው ከመሐል አገር የመጣ ካርታ አንባቢ ነው። ሰፋሪው ርስት ባገኘበት ቀን ነባሩ ርስቱን አጣ፤ ሁለቱንም የጠየቀ አልነበረም።

እንግዲህ ሰፋሪውን ምድረ በዳ ያቀና ጀግና አድርጎ የሚያወድስ ድርሰት ግማሽ እውነት ነው። ሰፋሪውን ወራሪ ብሎ የሚፈርጅ ደግሞ ከዚያ የከፋ ሐሰት ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በመተከል የንጹሐን ደም ሲፈስ እንዲህ ያለው ፍረጃ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ታይቷልና። የሰፋሪው ልጅ እዚያው ተወልዶ እዚያው አድጓል፤ የሚመለስበት ሌላ አገር የለውም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወሎው ገበሬ ግን የተወጋ ሳለ፣ ሳያውቅ ሌላውን መውጊያ ተደርጓል። ይህን ሰው በሙሉ ቁመናው ሊያሳይ የሚሻ ጸሐፌ ተውኔት፣ ጉሙዙን ከመጋረጃው ጀርባ ትቶ መድረክ ሊከፍት አይችልም። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቁሙ፤ ይነጋገሩ። ያን ጊዜ የሚከሰሰው «ባዶ ነው» ብሎ አንዱን በሌላው ላይ የጫነው ሥልጣን ይሆናል።