የሳሎኑ ድምፅ በአዳራሹ፦ ሆም ቴአትር ለጉባኤ ሲውል



በብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች የንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ አንድ ሆም ቴአትር ተቀምጦ ይገኛል። አንዱ በውጭ ሀገር ከሚኖር ምእመን የተላከ ነው፤ ሌላው አባላት ከወርኃዊ መዋጯቸው አጠራቅመው የገዙት ነው። አምስት ትንንሽ ስፒከሮች፣ አንድ ከባድ ሰብዉፈር፣ ማጫወቻውንና አምፕሊፋየሩን በአንድነት የያዘ ሣጥን። በመጀመሪያው ጉባኤ በደስታ ይተከላል፤ በሦስተኛው «ድምፁ አይሰማም» ይባላል፤ በአምስተኛው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ከዚያም ትልቅ ስፒከር የሚገዛ ኮሚቴ ይቋቋማል።

እኔ የምለው፣ ኮሚቴው ከመቋቋሙ በፊት የተቀመጠው ዕቃ ለምን እንደተሠራ ይታወቅ ነው። ሆም ቴአትር የሳሎን ዕቃ ነው። በአዳራሽ ውስጥ እንደ ሳሎን ዕቃ ሆኖ ሊያገለግል አይችልም፤ ነገር ግን አገናኝቶ የሚያስተካክለው ሰው ካገኘ ለአንድ ክፍል ትምህርትና ለመካከለኛ አዳራሽ ጉባኤ የሚበቃ ነው። የብዙዎቹ ችግር የዋት ማነስ ሳይሆን የአጠቃቀም ስሕተት ነው።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን 5.1 የሚለውን ቁጥር እንመልከት። አምስቱ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ፣ የመካከል፣ የኋላ ቀኝና የኋላ ግራ ስፒከሮች ናቸው፤ ነጥብ አንዱ ወፍራም ድምፅን ብቻ የሚያወጣው ሰብዉፈር ነው። አደራደሩ የታሰበው በአንድ ሶፋ ላይ ለተቀመጡ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ነው። ፊልም ሲታይ የሰዎቹ ንግግር በአብዛኛው ከመካከለኛው ስፒከር ይወጣል፤ ዜማውና የአካባቢው ድምፅ ለቀሩት ይከፋፈላል። በሳሎን ውስጥ ይህ መልካም ነው። በአዳራሽ ግን ከኋላው ግራ ስፒከር ሥር የተቀመጡ እናት የሚሰሙት ነፋስና ዝናብ ብቻ ይሆናል፤ ንግግሩ ከፊት ቀርቷልና። የቅዱሳን ታሪክ የሚተርክ ፊልም ታይቶ ሲያበቃ ከኋላ ያሉት ምንም ሳይሰሙ የሚወጡት አንዳንድ ጊዜ ስለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያንን በማስታወቂያ የተወደሰ «ዙሪያ ድምፅ» መተው ነው። በብዙ ሪሲቨሮች ላይ «ኦል ቻናል ስቴሪዮ» ወይም «ፋይቭ ቻናል ስቴሪዮ» የሚባል ምርጫ አለ፤ ይህ ሲመረጥ አምስቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ። ዕቃው ይህ ከሌለው ሁለቱን የፊት ስፒከሮች ብቻ አስቀርቶ ምርጫውን ወደ ስቴሪዮ መመለስ ነው። የመካከለኛው ስፒከር ከተነቀለ ግን በማስተካከያው ዝርዝር ውስጥ «የለም» ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ዕቃው ንግግሩን ወደማይኖር ስፒከር እየላከ ይቀመጣል። «ሆል»፣ «ኮንሰርት»፣ «ቸርች» የሚባሉት ማስዋቢያዎች ሁሉ ይጥፉ። እነርሱ በትንሽ ክፍል ውስጥ የአዳራሽን ገደል ማሚቶ ለማስመሰል የተሠሩ ናቸው፤ እኛ ደግሞ እውነተኛው ገደል ማሚቶ ሳይጠራ የሚመጣብን ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ማይክራፎኑ እንምጣ፤ ብዙ ድካም የሚባክነው በዚህ ነው። ማይክራፎን የሚያወጣው ኃይል ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። የሆም ቴአትሩ «ኦክስ» መግቢያ፣ ቀዩና ነጩ ቀዳዳ ማለቴ ነው፣ የሚጠብቀው ወደ 0.3 ቮልት ገደማ ነው። ማይክራፎኑን በመቀየሪያ ጃክ በቀጥታ ወደዚያ መሰካት የሚያስገኘው ሹክሹክታ ነው፤ ድምፅ ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ሲዞር ደግሞ ሹክሹክታው ከእሽታ ጋር ይመጣል። አንዳንድ ዕቃዎች ለካራኦኬ ተብሎ የተሠራ የማይክራፎን ቀዳዳ አላቸው፤ እርሱ ካለ ይሠራል፤ ብቻ አብሮት የሚመጣው «ኤኮ» ወደ ዜሮ ይውረድ። ቀዳዳው ከሌለ መካከል ላይ ትንሽ ሚክሰር ያስፈልጋል። አራት መግቢያ ያለው ይበቃል፤ አንዱ ለመምህሩ፣ አንዱ ለመዝሙር መሪው፣ ሁለቱ ለላፕቶፕ። ከአዲስ ትልቅ ስፒከር ይልቅ ገንዘብ የሚገባው ለዚህ ነው እላለሁ።

ሚክሰሩ ሲገኝ ደግሞ ተቃራኒው ፈተና ይመጣል። የሚክሰር መውጫ ወደ 1.2 ቮልት የሚደርስ ሲሆን የቤት ዕቃው የሚጠብቀው፣ እንዳልነው፣ 0.3 ነው። ስለዚህ የሚክሰሩ ዋና ማስተካከያ ዝቅ ብሎ ይቆይ፤ አለዚያ ድምፁ ገና ከመግቢያው ተሰንጥቆ ይገባል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ ጆሮን ብቻ ሳይሆን ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር ጭምር ያቃጥላል። የመምህሩ ድምፅ በቀኝና በግራ እኩል እንዲወጣ የ«ፓን» ቁልፉ መካከል ላይ ይሁን። ገመዱም ከሁለቱም፣ ከቀዩም ከነጩም፣ ጋር ይገናኝ። በአንዱ ብቻ ተሰክቶ ግማሹ አዳራሽ ሲሰማ ግማሹ ሲተክዝ የሚውልባቸው ጉባኤያት አሉ።

በብሉቱዝ ማገናኘት ቀላል ነው፤ ለተቀዳ መዝሙርም ምንም አይልም። ለሚናገር ሰው ግን አይሆንም። ድምፁ ከመቶ ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላልና መምህሩ የራሱን ቃል ከኋላ እየተከተለው ይሰማል፤ ከዚያም ሳያውቅ መንተባተብ ይጀምራል።

ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ሲገናኙ የሚፈጠረው ችግር ሌላ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ሥዕሉና ድምፁ አብረው ወደ ፕሮጀክተሩ ይሄዳሉ፤ ሆም ቴአትሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሰውም «ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም። በላፕቶፑ የድምፅ ምርጫ ውስጥ መውጫውን ከኤችዲኤምአይ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ መመለስና ከዚያ ወደ ሚክሰሩ መውሰድ ይበቃል። ላፕቶፑ ቻርጀሩ ላይ ሲሰካ «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ከተሰማ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ዕቃዎች በተለያየ ሶኬት ከመሬት ጋር መገናኘታቸው ነው። ሁሉንም ከአንድ ሶኬት ማብላት፣ ወይም ለጉባኤው ሰዓት ቻርጀሩን መንቀል ይረዳል። የመሬቱን እግር ቆርጦ ጉምጉምታውን የሚያጠፋ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ግን አትፍቀዱለት። ያ እግር ማይክራፎኑን በእጁ የያዘውን ሰው ከኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቆይበት የምወደው የስፒከር አቀማመጥ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ወጪ የለውም። ድምፅ በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አምፕሊፋየርን በእጥፍ ዋት መለወጥ የሚጨምረው ደግሞ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። አስተውሉ፤ ስፒከሩን ከአድማጩ ከ8 ሜትር ወደ 4 ሜትር ማቅረብ በቀጥታ ለሚደርሰው ድምፅ ዋቱን አራት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አምስቱን ስፒከሮች ሁሉ መድረኩ ላይ ከመደርደር፣ ሁለቱ ከፊት፣ «የኋላ» የተባሉት ሁለቱ ደግሞ በአዳራሹ እኩሌታ ላይ በግራና በቀኝ ግድግዳ ተሰቅለው ወደ ኋላ ወንበሮች ይዩ። ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ከፍ ይበሉ፤ በሰው ትከሻ መካከል የሚያልፍ ድምፅ ሩቅ አይሄድም። ከፊት የሚመጣውና ከጎን የሚመጣው ድምፅ ይጋጫል ብላችሁ አትስጉ፦ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛልና በ10 ሜትር ልዩነት የሚዘገየው ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ጆሮ ይህን እንደ አንድ ድምፅ ይቀበለዋል። ልዩነቱ ወደ 17 ሜትር ሲደርስ ግን ወደ 50 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ቃል በቃል ላይ መደረብ ይጀምራል። ማይክራፎኑ ምንጊዜም ከፊት ስፒከሮች ኋላ ይቁም። ያ ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት ማይክራፎኑ የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ መልሶ ሲሰማ የሚወለድ ነው።

ገመዱ ግን ይለወጥ። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው እንደ ክር የቀጠነ ገመድ ለሳሎን ነው። 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ 20 ሜትር ሄዶ ሲመለስ ወደ 1.4 ኦም ይሆናል፤ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ከኃይሉ ሩብ ያህሉ ገመዱን ሲያሞቅ ቀረ ማለት ነው። 2.5 የሚባለው፣ ለቤት ሶኬት መዘርጊያ የሚሸጠው ገመድ፣ ይህን ብክነት ወደ 0.28 ኦም ያወርደዋል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይገናኝ፤ በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገላበጠ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

በአንድ መውጫ ላይ ሁለት ስፒከር ለመጨመር ለምትፈልጉም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ ይግላል፤ ሰንብቶም ይቃጠላል። በተከታታይ ሲገናኙ 8 ኦም ይሆናሉ፤ ድምፁ ጥቂት ይቀንሳል፤ ዕቃው ግን ይኖራል።

ከውጭ ስለሚላኩት ዕቃዎችም ዝም ብዬ አላልፍም። በአሜሪካ ያለው ኃይል 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። አንድ ምእመን ከደመወዙ ቆጥቦ፣ የማጓጓዣ ከፍሎ የላከው ዕቃ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ከግድግዳው ሶኬት ስለሰካው ብቻ በጭስ ሊያልቅ ይችላል። ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ ሥጋት የለም። ትንሽ መቀየሪያ ካለው ወደ 220 ይዞር። «120» ብቻ ከሆነ ግን ኃይሉን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ዐቅሙም በዕቃው ላይ ከተጻፈው የፍጆታ ዋት ከፍ ያለ ይሁን። የምትልኩ ወንድሞችና እኅቶችም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቁጥር ብታዩ የላካችሁት ነገር ረጅም ዘመን ያገለግላል።

ስለ ሰብዉፈሩ ከአንዳንድ የመዝሙር ክፍል ወንድሞች ጋር አልስማማም። «ደረት ካላንቀጠቀጠ ምኑ መዝሙር ነው» የሚሉ አሉ። ከበሮ በራሱ አዳራሹን ይሞላል፤ ማይክራፎንም ሰብዉፈርም አይፈልግም። የቃል ጥራት ያለው ከወፍራሙ ድምፅ ሳይሆን ከቀጭኑ፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው አካባቢ ነው። «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለዩት በዚያ ነው። ሰብዉፈሩ ሲያይል ይህ ይሸፈናል፤ አረጋውያን ደግሞ አስቀድሞ የሚደክምባቸው ቀጭኑን ድምፅ መስማት ነውና ጉባኤው ጮኾ ሳለ ለእነርሱ ዝም ያለ ይሆናል። በገናንም አስቡት። ያ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በድልድዩ መካከል ከሚገቡት ቁርጥራጭ ቆዳዎች፣ ከእንዚራው፣ ነው። የሰብዉፈሩ ቁልፍ ከፍ ብሎ ሲደረደር ንዝረቱ ይታፈንና የዐሥሩ አውታር ድምፅ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ጉርምርምታ ሆኖ ይቀራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ያልተለየ የመሣሪያ ድምፅን ከማይታወቅ ንግግር ጋር አነጻጽሮ የጻፈውን (1ኛ ቆሮ. 14፥7-9) በዚህ ጊዜ አስታውሳለሁ። ለስብከትና ለትምህርት ሰብዉፈሩ ይጥፋ፤ ለተቀዳ መዝሙር በልኩ ይብራ።

ይህ ሁሉ ሲባል ዕቃው የማይችለውም አለ። ለዐውደ ምሕረት፣ ለንግሥ፣ ለማንኛውም ከጣሪያ ውጭ ለሆነ ጉባኤ ሆም ቴአትር አይውጣ። ግድግዳ የሌለበት ድምፅ ወደ ሰማይና ወደ ሜዳ ይበተናል፤ ኦፕሬተሩ ቁልፉን ሲያዞር ትንንሾቹ ስፒከሮች አንድ ከሰዓት ሳይሞላቸው ይበጠሳሉ። ለዚያ ለዚያው የተሠራ ዕቃ በኪራይም ቢሆን ይምጣ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዕቃው በየሳምንቱ ሥራው ይለዋወጣል፤ ጠዋት ለሕፃናት ክፍል ፊልም፣ ከሰዓት ለጉባኤ ማይክራፎን፣ ማታ በዙም ለሚሰጥ ትምህርት። አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያፈርሳል፤ በመጨረሻም የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ፈተና ደርሶበት የቀረ ዕለት ጉባኤው ያለ ድምፅ ይውላል። ሦስቱ አጠቃቀሞች እያንዳንዳቸው በየትኛው መግቢያ፣ በየትኛው ምርጫ፣ ቁልፎቹም በምን ቁጥር ላይ እንደሚሆኑ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በሣጥኑ ክዳን ላይ ይለጠፍ። በገመዶቹም ጫፍ ላይ በፕላስተር «ላፕቶፕ»፣ «መምህር»፣ «ግራ 2» ተብሎ ይጻፍ። ሪሞቱ ከሣጥኑ ጋር በክር ይታሰር፤ የባትሪው መክደኛም አስቀድሞ ይፈለግ።