እግር በደጃፍ ሲያዝ

በአንዳንድ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይተናል። አረጋዊው አባት ደኅና ሲራመዱ ቈይተው ከደጃፉ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት እንደ ተጣበቀ ሆኖ ይቆማል። ልጆቹ «አባባ፥ ይራመዱ እንጂ!» እያሉ ክንዳቸውን ይስባሉ፤ እርሳቸውም ይወድቃሉ። ከዚያ ወዲያ «እልኸኛ ሆኑ» ይባላል። ይህ ቃል ስላሳዘነን በዚህ ወር ስለዚሁ ደዌ ልንጽፍ ወደድን።

ደዌው ፓርኪንሰን ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1817 ስለ እርሱ ከጻፈው ከለንደኑ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው፤ ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ምክንያቱ ግን ብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። በ1957 የስዊድኑ ሊቅ አርቪድ ካርልሰን፥ ሬዘርፒን በሚባል መድኃኒት ደንዝዘው መንቀሳቀስ ላቃታቸው ጥንቸሎች ኤል ዶፓ የተባለውን ቅመም በሰጣቸው ጊዜ ነቅተው ተንቀሳቀሱ። በ1960 ደግሞ በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪዬቪችና ባልደረባው፥ ደዌው የነበረባቸውን ሰዎች አንጎል ከሞት በኋላ መርምረው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እጅግ ማነሱን አገኙ። ይህን የሚያመነጩት በአንጎል ግንድ ያሉ ጥቍር መልክ ያላቸው ሴሎች ናቸው፤ እነርሱ እየሞቱ ሲሄዱ ሳናስበው የምንሠራው እንቅስቃሴ ይዘገያል፥ ይታሰራልም። እንግዲህ እልኸኝነት ከወዴት መጣ?

እጅግ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ እግሩ የተያዘ በሽተኛ በወለሉ ላይ በአግድም የተሰመረ መስመር ቢያይ ብዙ ጊዜ ያንን ተሻግሮ ይሄዳል። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፥ የተጐዳው የልማድ እንቅስቃሴ መንገድ ሲሆን፥ በዐይን የሚመራው እንቅስቃሴ በሌላው የአንጎል ክፍል በኩል ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከደጃፉ ፊት አንድ አንድ ርምጃ አራርቆ ደማቅ መስመር ማስመር፥ ወይም «አንድ፥ ሁለት» እያሉ በምት መቍጠር ይጠቅማል። ለሁሉም እኩል አይረዳም፤ ዋጋው ግን ጥቂት ኖራ ነው። ክንድ መሳብ ይቅር። መጀመሪያ ይቁሙ፥ ይተንፍሱ፥ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ፥ ከዚያም ይራመዱ።

ኤል ዶፓ የሴሎቹን ሞት ባይገታም ዛሬም ዋነኛው መድኃኒት ነው። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊሻማው ስለሚችል ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከምግብ በፊት እንዲወሰድ ያዝዛሉ፤ ይህም ሥጋን ብቻ ሳይሆን የጾሙን ሽሮና ምስርም ይነካል። ጾመኛ አረጋውያን መድኃኒቱን እስከ ቅዳሴ መውጫ ሲያዘገዩት ሰውነታቸው ይታሰራል። ይህን ነገር አስቀድሞ ለንስሐ አባትም ለሐኪምም መንገር ይገባል፤ በድንገት ማቋረጥ ብርቱ አደጋ አለውና።