ቃለ ጉባኤው ይለጠፍ
ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ሰብሳቢና አባላት



የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ሲወጣና ዩኒቨርሲቲያችሁ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሲሆን ደስ ካላቸው መምህራን አንዱ ነኝ። የማስተምረው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተራችን ሲደርስ ግን የምንከተለው የእናንተን ፈለግ ስለሆነ ነገሩ ያገባኛል። ሥልጣኑ ከሚኒስቴር ወጣ። ማን እጅ ገባ?

ጥያቄው የቆየ ነው። የዩኒቨርሲቲያችሁ መነሻ የሆነው ኮሌጅ በ1943 ተከፍቶ በ1946 ቻርተር አገኘ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግም ቻንስለሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። በ1985 ከ40 በላይ መምህራን የስንብት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ሴኔትም፣ የሴኔት ደንብም ነበረ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ከቦርድ እስከ ትምህርት ክፍል ጉባኤ ያሉትን አካላት አንድ በአንድ ዘረዘረ። ከሰባቱ ድምፅ ሰጪ የቦርድ አባላት ግን ሰብሳቢውን ጨምሮ አራቱን ሚኒስትሩ በቀጥታ ይሾም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው የሚጠየቀው በቀሪዎቹ ሦስት ላይ ብቻ ነበር። አራት ከሰባት! ድምፅ ለመቁጠር የሒሳብ ዲግሪ አያስፈልግም።

ኮሚቴ አነሰን የሚል መምህር አላውቅም። እኛ ዘንድ የአንድ ኮርስ ለውጥ ከትምህርት ክፍል ጉባኤ (ዲሲ) ተነሥቶ አካዳሚክ ኮሚሽን (ኤሲ) ይደርሳል፣ ከዚያ ሴኔት ይወጣል፤ በየደረጃው ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ይፈረማል። ለአንድ ክሬዲት ሰዓት ግማሽ ቀን እንከራከራለን። የትምህርት ክፍል ይታጠፍ የሚለው ጉዳይ ግን የመጣው በአጀንዳው መጨረሻ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ነበር፤ ግማሹ ሰው ቦርሳውን ይዞ ተነሥቷል። ቃለ ጉባኤው «በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል» ይላል። ጸሐፊውን አልወቅስም፤ ዐረፍተ ነገሩ ከቀድሞው ቃለ ጉባኤ የተገለበጠ ነው።

ስለዚህ አዲስ ኮሚቴ አቋቁሙ አልላችሁም። የምለምናችሁ የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ከየስብሰባው በኋላ ለመምህሩ፣ ለሠራተኛውና ለተማሪው እንዲለጠፍ ነው። የሰው የግል ጉዳይ ይውጣለት። አጀንዳው፣ የቀረበው ሰነድና የተለየ ሐሳብ የያዙ አባላት ምክንያት ግን ይታይ። ሴኔት ያቀረበውን ስትጥሉም ለምን እንደጣላችሁት በጽሑፍ ለሴኔት ይመለስ። ቦርድ ሴኔትን እየሰማ ይሁን ሴኔት የቦርድን ውሳኔ እያጸደቀ፣ ውጭ ያለ ሰው በሌላ መንገድ ሊያውቅ አይችልም።

ምሥጢር ይባክናል የሚል ሥጋት እንደሚነሣ እገምታለሁ። የጨረታና የዲሲፕሊን ጉዳይ ካልሆነ በቀር ዩኒቨርሲቲ ከመምህራኑ የሚደብቀው ምን ምሥጢር አለው? ያለፉትን ዓመታት መዝገብ አውጡ አልልም፤ ከሚቀጥለው ስብሰባችሁ ጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር